ማርጆራም ለቅቤ ማንጠሪያ አይሆንም፦ ለኮምቦልቻዋ እህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ ልጅዎ ከውጭ የላከችልዎት የማርጆራም፣ ማለትም ለምግብና ለሻይ የሚሆን የመዓዛማ ቅጠል፣ ዘር ጓሮዎ ውስጥ በቅሎ እንዳማረ፣ ነገር ግን ከምን ምግብ ጋር እንደሚሄድና ለጤና ምን እንደሚጠቅም እንዳላወቁ ጽፈዋል። እኔ ይህን ቅጠል ያወቅሁት ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ ነው፤ እዚያ መርደቁሽ ይሉታል። ከተመለስሁ ወዲህ ደሴ ላይ ሰባት ዓመት ተክዬዋለሁና የደረሰብኝ በእርስዎ እንዳይደርስ ልንገርዎት።

1ኛ፦ ቅቤ ሲያነጥሩ ፈጽሞ እንዳይጨምሩት። እኔ እንደ ኮሰረት ይሆናል ብዬ ለእህቴ ልጅ ሠርግ በተገዛ አምስት ኪሎ ቅቤ ላይ አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል ጨመርሁበት። ኮሰረት እሳት ላይ ቆይቶ መዓዛውን ለቅቤው ይሰጣል፤ የማርጆራም መዓዛ ግን ቶሎ የሚተን ስለሆነ እሳት ሲበዛበት ይጠፋና ምሬቱ ይቀራል። ቅቤው ጠርቶ ሲወርድ መልኩ እንደ ማር ነበር፤ በጣቴ ነክቼ ስቀምሰው ግን ግራዋ የቀመስሁ መሰለኝ። ሠርጉ ሁለት ቀን ቀርቶት ሰኞ ገበያ ወርጄ ሌላ ቅቤ ገዛሁ፤ ያን ወጪ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ ድንች አልጫው ወይም ጥብሱ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በጣትዎ ፈትገው ይነስንሱበት። በርበሬ የበዛበት ወጥ ውስጥ ግን መዓዛው ይዋጣል፤ ባያባክኑት ይሻላል።

2ኛ፦ የትውልድ አገሩ ቆጵሮስና ደቡብ ቱርክ ስለሆነ ውርጭ አይችልም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ የመጀመሪያው ዓመት ተክሌ በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች እርስዎ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት፤ የሚያስፈራዎት ክረምት ላይ ሥሩ ሥር የሚቆም ውኃ ነው። ቅጠሉን አበባው ሊፈነዳ ሲል ይቁረጡትና ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ እኔ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼው የቀረልኝ ሽታ የሌለው ገለባ ነበር።

3ኛ፦ እርስዎም ለመሸጥ ማሰብዎ አይቀርምና፣ ፈቃድ ፍለጋ ሲሄዱ ማርጆራሙንም ጦስኝንም ይዘው ይሂዱ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት በላስቲክ አሽጌ ብወስደው፣ ልጄ የሚሆን ሠራተኛ ሳያሸተው «ይሄ ጦስኝ ነው፤ ስም ቀይረሽ አትምጪ» ብሎ በአንቺታ መለሰኝ። በማግስቱ ጦስኝና ማርጆራም ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። የጦስኙ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ የማርጆራሙ ግን ለስላሳ ነው፣ ቅጠሉም ወደ አመድማ የሚያደላ፣ ሲዳሰስ ከፋይ የሚመስል ነው። ሁለቱም ከበሶብላ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው እንጂ አንድ ተክል አይደሉም። ሦስት ወር አመላልሶኝ ፈረመ፤ ዛሬ እዚያው እርስዎ ከተማ ያለ አንድ ምግብ ቤት በየወሩ ከእኔ ይወስዳል።

ስለ ጤናው፣ ከምግብ በኋላ ሆዴ ሲነፋ ሻዩ ይቀለኛል፤ ቤይሩትም ለዚሁ ያፈሉታል። ነገር ግን የሐኪም መድኃኒት የሚተካ አድርገው አይያዙት፤ ነፍሰ ጡርም ምግብ ላይ ከሚነሰነሰው መጠን ባታልፍ ይመረጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ይዘፍዝፉና ወዲያው ይክደኑት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሳይከፍቱ ያቆዩት፣ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳልና።