የውጭ ሐዘን የእኛ ነው?

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ለደረሰ እልቂት መንግሥት ቀን ቆርጦ ማሰቡ ምን ይሠራል? የራሳችን ሐዘን አነሰን እንዴ?

መልስ፦ አላነሰንም። ግን "ውጭ" ማለት ለማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ተነስተው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ሲሄዱ፣ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ 4,000 ገደማ ሰው በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ አለቀ። እስራኤልን ሳያዩ ማለት ነው። እስራኤል ግን በየዓመቱ «የኢየሩሳሌም ቀን» በሚባለው በዓሏ፣ ብሔራዊ መቃብሯ ባለበት ሄርዝል ተራራ ላይ በመንግሥት ደረጃ ታስባቸዋለች። ልጆቻቸው ዜጎቿ ናቸዋ! ለእኔ መለኪያው ይሄ ነው፤ ሐዘንተኛው ጎረቤትህ ከሆነ ለቅሶው ያንተም ነው (ለካሜራ ብቻ ከሆነ ግን ይቅር)። ደግሞ ብዙዎቹ የተቀበሩበት እንኳ በውል አይታወቅም፤ ታዲያ ቤተሰቡ አበባ የት ያኑር?