ካታሎጉ «አለ»፣ መደርደሪያው «የለም»

ይድረስ ለወጣት አንባቢዎች፦

አንዲት ወጣት «የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር መጽሐፉ አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን የለም። ሠራተኞቹ ለሚያውቁት ሰው ይደብቁታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አይደለም ነው። ቢሆንም እኛ ባለሙያዎቹ ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም።

ጥያቄዋ አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አስታወሰኝ። መደርደሪያ ላይ ቦታውን የሚያመለክተው ቁጥሩ 519.5 ነበር። አንድ ተማሪ ሦስት ቀን ተመላለሰበት። በየቀኑ ካታሎጉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመጻሕፍት መዝገብ፣ «አለ» ይለዋል፤ በየቀኑም ከማዋሻው ጠረጴዛ «ሒሳብ እዚያ ጋ ነው» ተብሎ በጣት ይጠቆምለታል። ተነስቶ አብሮት የሄደ አልነበረም። መጽሐፉ የተገኘው ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ በዓመታዊው ቆጠራ ጊዜ ነው፤ 591 ላይ፣ ከእንስሳት መጻሕፍት መሀል ተሰክቶ። አንድ ደግ አንባቢ ሠራተኛ ላለማስቸገር ብሎ ራሱ ሲመልሰው 1ን እና 9ን አቀያይሮ አንብቧቸው ነበር።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው መጽሐፉ በውሰት መውጣት አለመውጣቱን ብቻ ነው፤ የት እንደቆመ አያይም። ስለዚህ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከተሰረቀው ይብሳል። መሰረቁ የታወቀ መጽሐፍ ምትክ ይገዛለታል፤ ይኼኛው ግን «አለ» እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ሰው ያመላልሳል። የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ግድግዳው ላይ «መጽሐፉን ካነሳችሁበት ቦታ መልሱ» የሚለውን ማሳሰቢያ የለጠፍነው እኛው ነን። አንብባችሁ ስትጨርሱ ጠረጴዛው ወይም የመመለሻው ጋሪ ላይ ተዉት። መመለስ የሠራተኛው ሥራ ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍትም ጋሪው ላይ ያለው ይቆጠራል፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሚነበብ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የመጻሕፍት አመዳደብ እውቀትን ከ000 እስከ 999 ይከፍለዋል፤ 500 ሳይንስ፣ 510 ሒሳብ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ እያለ። ሰው የሚሳሳተው ከነጥቡ በኋላ ነው። 512.15 የሚቆመው ከ512.5 በፊት ነው፤ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው አኃዝ አንድ በአንድ ስለሚነጻጸር 1 ከ5 ይቀድማል። አንባቢው ግን 15 ከ5 ይበልጣል ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መጽሐፉ በስተግራው ቆሞ ሳለ።

መጽሐፉ ከጠፋችሁ መጀመሪያ ካታሎጉ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን የክፍል ስም እዩ። «ማጣቀሻ» ወይም «መጋዘን» ካለ በተራው መደርደሪያ መፈለግ ድካም ነው። ከዚያ ከቦታው ግራና ቀኝ ያሉትን አምስት አምስት መጻሕፍት፣ ከላይና ከታች ያለውንም ረድፍ ተመልከቱ። ከመጻሕፍቱ ጀርባም እጃችሁን ስደዱ፤ ቀጭን መጽሐፍ ወደ ኋላ ይወድቃል። አኃዞቹንም አቀያይራችሁ ሞክሩ። ጋሪውንና የፎቶ ኮፒውን ጠረጴዛ አትርሱ፤ ዛሬ የተመለሰ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የአማርኛ መጻሕፍት ሌላ ጣጣ አለባቸው። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙው ሥርዓት «የለም» ይላችኋል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ አ እና ዐን እያፈራረቃችሁ ሞክሩ። የጸሐፊ ስምም እንዲሁ ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስለሆነ ትክክለኛው ምዝገባ በራሱ በጸሐፊው ስም ይጀምራል፤ ለውጭ ስም የተሠራ ፎርም የሞላ መዝጋቢ ግን የአባቱን ስም ያስቀድመዋል። በሁለቱም ፈልጉ።

ወጣቶችን «መጀመሪያ ራሳችሁ ፈልጉ» ማለት እወዳለሁ፤ ከላይም ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን አሥር ደቂቃ ካለፈ ይብቃችሁ፤ እንዲያውም ሥራው የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ከበሩ ጀምሮ ጠይቁ። የዛሬ ወጣት ሰው ከመጠየቅ ስልኩን መጠየቅ ይቀለዋል፤ ስልኩ ግን የዚያን ቤት መጋዘን አያውቅም። ስትጠይቁ «የሒሳብ መጽሐፍ» አትበሉ። «የመጠይቅ ውጤት ልተነትን ነው፤ አርብ አስረክባለሁ፤ ይህን ይህን አይቻለሁ» በሉ። ባለሙያው ያኔ ወደ 510 ሳይሆን በቀጥታ ወደ 519.5 ይወስዳችኋል፤ ወይም የተሻለ መጽሐፍ ይሰጣችኋል። «እዚያ ጋ ነው» ካላችሁ «አብረን እንየው?» በሉት። ካልተገኘ ደግሞ «ጠፋ» ተብሎ እንዲመዘገብ ጠይቁ፤ ካልተመዘገበ ፍለጋም ግዢም የለም።

ስለ ወንበር፣ ስለ መብራትና ስለ ጸጥታ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ስለ ስልክ ፎቶ ግን አንድ ነገር ልበል። አርባ ገጽ አንስቶ የርዕሱን ገጽ ሳያነሳ የሚሄድ ወጣት በየቀኑ አለ። ከሳምንት በኋላ ምንጩን ሲጠየቅ መጽሐፉን ለመለየት እንደገና ይመጣል፤ ያኔ መጽሐፉ በውሰት ወጥቷል። የርዕሱን ገጽና ጀርባውን አስቀድማችሁ አንሱ፤ የኅትመቱ ዓመትና እትሙ ያለው እዚያ ነው። የገጹ ቁጥር ከፎቶው እንዳይቆረጥ ተጠንቀቁ፤ መጽሐፉንም ለጥ እንዲል አትጫኑት፤ ማጣበቂያው ይሰነጠቅና ገጹ ይረግፋል። ከረገፈም በፕላስተር አትለጥፉት፤ ፕላስተር ወረቀቱን ያበልዘዋል። የረገፈውን ገጽ ውስጡ አድርጋችሁ ለሠራተኛው በእጁ ስጡት።