የብስክሌት ውድድር በሞተር ማጀብ፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ

በብስክሌት ውድድሮች ላይ በበጎ ፈቃድ በሞተር የማጅብ ሰው ነኝ። ማጀብ የሚጀምር አዲስ ሰው ስለበዛ ዛሬ ማታ የምችለውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ኩርባ ላይ ብስክሌተኛ አይቀደምም።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ የእናንተ ሥራ ከፊት ከፊት መሄድ ነው አይደል?

መልስ፦ ከፊት የሚሄደው አንድ ሰው ነው። ሌሎቻችን መገንጠያ እንይዛለን። ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ሞተሯን ከአስፋልቱ አወጣለሁ፣ ባንዲራና ፊሽካ ይዤ ቆሜ አሳልፋለሁ። የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ እኔ ከኋላ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም እንደገና ቀድሜ ቀጣዩን መገንጠያ መያዝ አለብኝ። በአንድ ውድድር ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አደጋው ያለው መቆሙ ላይ ሳይሆን መቅደሙ ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቤልጂየሙ የጌንት-ዌቨልገም ውድድር ብስክሌተኛው አንትዋን ዴሟቲዬ የሞተው ከወደቀ በኋላ የውድድሩ ሞተር ገጭቶት ነው።

ከባሕር ዳር፦ ታዲያ እንዴት ነው የሚቀደመው?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ መጨረሻው የሚታይ መንገድ ጠብቅ። ክላክስ አንዴ፣ አጭር፣ ከሩቅ። አጠገቡ ደርሰህ ረጅም ክላክስ ከነፋህ ይዞራል፤ አንገቱ ሲዞር ትከሻው ይዞራል፣ ትከሻው ሲዞር ጎማው ይከተላል፣ የሚመጣውም ወደ አንተ ነው። ጋዝ አትጠምዝዝ፣ በረጋ ፍጥነት እለፍ። ካለፍክ በኋላ ቶሎ ፊቱ አትግባ፣ ፍሬንም አትንካ። ፊቱም አትዘግይ፤ ነፋስ ከከለልክለት በአንተ ጥፋት እሱ ይቀጣል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞክር። ኩርባውን ከእኛ በፍጥነት የሚዞሩት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመቴ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ከፊት ነበርኩ። አህያ መንገድ ገባችና ፍሬን ነካሁ። ስፖኪዮ ሳይ አንድ ልጅ ግንባሩን እጀታው ላይ ደፍቶ እየመጣ ነው። በእኔና በቦዩ መሃል አለፈ፤ እጅጌው ክርኔን ነክቶኝ ነው የሄደው። ማንም አልወደቀም። እኔ ግን ከቆምኩ በኋላ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ካቫሌቱን (የሞተሩን ማቆሚያ እግር) ማውረድ አቃተኝ።

ከሐዋሳ፦ ምን ዓይነት ሞተር ይሻላል? ቦክሰር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ሞተሩን ተወውና ፍሪሲዮንህን ጠይቅ። ዳገት ላይ ብስክሌተኛው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲወጣ አንተም ከኋላው በ10 ነህ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነፋስ ካላገኘ ይግላል፤ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዘህ ከሄድክ ደግሞ ታቃጥለዋለህ። ባዶ ሜዳ ሂድና በእግረኛ ፍጥነት፣ እግርህን ሳታወርድ፣ 20 ሜትር ቀጥ ብለህ ሂድ። ካልቻልክ ገና ነህ።

ከመቐለ፦ ሞተር ማጀብ እኮ በብስክሌት ከተማ፣ በመቐለ ነው። ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ የገባው ከየት ተነስቶ ነው?

ከስቶክሆልም፦ አስመራንስ? የእኛው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ፓሪስ ገባ እኮ!

ከመቐለ፦ ፓሪስ አይደለም፣ ኒስ ነው። በኦሎምፒክ ምክንያት ዙሩ ያለቀው ኒስ ነበር።

ከስቶክሆልም፦ ማሊያው ግን አረንጓዴ ነው 😄

መልስ፦ ሁለቱም ጀግኖች ናቸው። ወደ ሞተሩ እንመለስ።

ከአዲስ አበባ፦ ሚኒባስ አልቆምም ቢለኝስ?

መልስ፦ አንተ ትራፊክ ፖሊስ አይደለህም። ፊቱ አትቁም፣ ሞተርህንም አትደቅንበት። ፊትህን ወደ ብስክሌተኞቹ አዙርና ባንዲራህን አውለብልብ፣ ፊሽካ ንፋ፣ በሬዲዮ ንገር። ሚኒባሱን ማስቆም ካልቻልክ እነሱን ታስጠነቅቃለህ።

ከአዲስ አበባ፦ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ታግዶ ነበር፤ አሁን በምን ፈቃድ ነው የምነዳው?

መልስ፦ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

ከጎንደር፦ ይከፈላል?

መልስ፦ አንዳንዴ ቤንዚን። ሁሌ ቁርስ።

ከቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ እኔ እዚህ የሞተር መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሴት ይቀበላሉ? ሥራውስ አንድ ነው?

መልስ፦ ምን ማለትሽ ነው፣ ይቀበላሉ እንጂ! ሥራው ግን ይለያል። እዚያ ብዙዎቹ የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞዎች መንገድ አይዘጉም፤ መኪና ማስቆም የአንቺ ሥራ አይደለም። ጎማ የተነፈሰበትን፣ ውሃ ያለቀበትን፣ የወደቀውን ፈልጊ። ካላመነዳሪ፣ ፓምፕና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ያዢ። ስትቆሚ ሞተርሽን ከመንገድ ውጪ፣ ከወደቀው ሰው ራቅ አድርገሽ አቁሚ።

ከደሴ፦ ኩርባው ሰፊ ከሆነና ክላክስ ከነፋሁ መቅደም እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ከላይ አንብብ።

ከጅማ፦ ሰላም፣ ስለ ሞተር ማጀብ ትንሽ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጀምር። ነገ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ልተኛ ነው።

ከአዳማ፦ አንዲት ብቻ ጋሼ፣ ዝናብ ከሆነስ?

መልስ፦ የዜብራ ቀለም ላይ ፍሬን አትያዝ። ደህና እደሩ።