ባለቤቴ እየሠራ አንኢምፕሎይመንት ሲቀበል ነበር

ጤና ይስጥልኝ፤

የምኖረው ሲያትል ነው። ባለቤቴ ከሆቴል ሥራው ሲቀነስ አንኢምፕሎይመንት፣ ማለት ስቴቱ ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍለውን አበል፣ መቀበል ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ዘመዱ ምግብ ቤት ማታ ማታ ሊሠራ ገባ፤ ደመወዙም በቼክ ነበር። ግን በየሳምንቱ ክሌም ሲያደርግ (አበሉን ሲጠይቅ) «አልሠራሁም» እያለ ይሞላ ነበር። አሁን የወሰድከውን 9,000 ዶላር መልስ፣ በላዩም ቅጣት ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣበት። ጓደኞቹ «ዝም በለው፣ ይረሱታል» ይሉታል። ዘመዱ ደግሞ «በነፃ ነው ሲያግዘኝ የነበረው ብዬ ልጻፍልህ» አለው። ሁለታችንም ያለን ግሪን ካርድ ነው፤ ዜግነት ልንጠይቅ እየተዘጋጀን ነበር። ይታሰርብኝ ይሆን? እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

የጨነቃት እህት

እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ የዘመዱን ደብዳቤ አስቁሚ። አሠሪ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር በ20 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ያሳውቃል፤ የከፈለውንም ደመወዝ በየሦስት ወሩ በሶሻል ቁጥር ያስመዘግባል። ባለቤትሽም የተያዘው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። የሐሰት ወረቀት ከገባ ሌላ ወንጀል ይሆናል፤ ዘመዱንም አብሮ ይከተዋል።

በዋሽንግተን ስቴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያጭበረበረ ሰው የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል፣ በላዩ 15 በመቶ ይቀጣል፤ በ9,000 ላይ 1,350 ዶላር ማለት ነው። ለ26 ሳምንትም አበል አያገኝም። ሁለተኛ ከተገኘ 25 በመቶና 52 ሳምንት፣ ሦስተኛ ከሆነ 50 በመቶና 104 ሳምንት ይሆናል። «ይረሱታል» ያሉት ጓደኞቹ ተሳስተዋል፤ ከደመወዙ ሊቆረጥ፣ የታክስ ተመላሹም ሊወሰድ ይችላል።

እስር በሕጉ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታኮማ ፌዴራል ፍርድ ቤት 5 ዓመት የተፈረደበት የናይጄሪያ ባለሥልጣን ግን በተሰረቀ የሰው ማንነት ከዚህ ስቴት ከ350,000 ዶላር በላይ የወሰደ ነው። የእናንተ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ ያልቃል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግሪን ካርዱ ነው። አንድ ሰው በማጭበርበር ወንጀል ተፈርዶበት ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ሊባረር ይችላል፤ ከዚያ በታች ቢሆንም ማጭበርበር ለኢሚግሬሽን ከባድ ጥፋት ነው። የዜግነት ቅጹ ሳትያዝ የሠራኸው ወንጀል አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ላይ መዋሸት ካሁኑ ጥፋት የባሰ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ማመልከቻውን አያስገባ፤ አበሉን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤትም ስለ ጥፋቱ ምንም ጽፎ አይፈርም። እባክሽ ይህን አደራ እልሻለሁ።

ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ባይዋሽም ይግባኙ ሊጠቅመው ይችላል። የክፍያ ወረቀቶቹን አውጡና ሳምንት በሳምንት አስተያዩ፤ ያልሠራበት ሳምንት ተቆጥሮበት ከሆነ ዕዳው ይቀንሳል። ሲያትል ያለው አንኢምፕሎይመንት ሎው ፕሮጀክት በእንዲህ ዓይነት ችሎት ሰው የሚረዳ ድርጅት ነው፤ ደውሉላቸው። በችሎቱ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይመደብለታል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። የቀረውን ዕዳ በየወሩ ለመክፈልም ስምምነት ይጠይቅ።