ሕፃን ልጅን ይዞ ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከአንድ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ልጃችን ጋር ለዕረፍት ወደ ውጭ አገር ሄደን አንድ ወር ለመቆየት አስበናል። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ከሳምንት በኋላ ስለሚከተለን ልጄን ይዤ የምወጣው ብቻዬን ነው። ድንበር ላይ ችግር ይገጥመኛል? ልጁስ በእኔ ፓስፖርት ላይ ቢመዘገብ አይበቃም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ ስላለው ከእሱ ልጀምር። አይበቃም፤ ልጅዎ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ የተለየ ፓስፖርት እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ ልጅን በወላጅ ፓስፖርት ላይ የማስመዝገቡ አሠራር በአብዛኛው ቀርቷል።

ዋናው ጉዳይ የአባትየው ፈቃድ ነው። «ባልና ሚስት ነን፤ ልጁም የሁለታችን ነው፤ ታዲያ ማን ምን ይለኛል?» የሚሉ ደንበኞች ብዙ ጊዜ ይገጥሙኛል። ጥያቄው የሚነሣው ግን ልጁ የሁለታችሁም በመሆኑ ነው። ስለ ሕፃናት ዓለም አቀፍ ጠለፋ እ.ኤ.አ. በ1980 በሄግ የተደረገው ስምምነት፣ አንደኛው ወላጅ የሌላኛውን የማሳደግ መብት በመጣስ 16 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከመደበኛ መኖሪያው ወደ ሌላ አባል አገር የወሰደ ወይም እዚያው ያስቀረ እንደሆነ ልጁ እንዲመለስ ያዛል፤ የወላጆቹን መፋታትም እንደ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። ስለሆነም የኢሚግሬሽን ሠራተኛው «የልጁን መሄድ አባቱ ያውቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅዎ ትዳርዎን መጠራጠሩ ሳይሆን ሥራውን መሥራቱ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ባለቤትዎ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት በአካል ቀርበው የሚፈርሙት የፈቃድ ደብዳቤ ነው። «ልጄ ከእናቱ ጋር እንዲጓዝ ፈቅጃለሁ» የምትል አንዲት መስመር ግን ብዙ አትረዳም። ደብዳቤው የልጁን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥር፣ የሁለታችሁን ማንነት፣ የባለቤትዎን ስልክ፣ የመዳረሻውንና የትራንዚት አገሩን፣ እንዲሁም የመሄጃውንና የመመለሻውን ቀን መያዝ አለበት። የመመለሻው ቀን ለይምሰል የሚጻፍ አይደለም፤ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ልጁን ማቆየት በስምምነቱ መሠረት ያለአግባብ እንደማስቀረት ሊቆጠር ስለሚችል፣ በረራ ቢዘገይ ወይም ልጁ ቢታመም የሚያገለግሉ ጥቂት መጠባበቂያ ቀናት ቢጨመሩበት መልካም ነው።

ደብዳቤው በመዳረሻው አገር ቋንቋ ካልተጻፈ ሕጋዊ ትርጉም ይያያዝበት። ሁለቱም አገሮች እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የሄግ የአፖስቲል ስምምነት አባል ከሆኑና ማረጋገጫ ከተጠየቀ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ በሌላ አባል አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚሰጥ የመንግሥት ማረጋገጫ፣ ይበቃል፤ ካልሆኑ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ በኩል ማረጋገጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ፓስፖርቶች የወላጆችን ስም ስለማይጽፉ እናትነትዎን የሚያስረዳው የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ ስለዚህ እሱንም በእጅ ሻንጣዎ ይያዙት። እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ይዘው ማንም ሳይጠይቅዎ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሁሉም አገር ደብዳቤውን በሕግ አያስገድድምና። ነገር ግን እንቅልፉን ያጣ ሕፃን ታቅፎ በድንበር መስኮት ፊት ባልን በስልክ ከመፈለግ ይህ ይቀላል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጅዎ በጉዞው መካከል ሁለት ዓመት ይሞላዋል። አየር መንገዶች በጭን ለሚያዝ ሕፃን የሚያስከፍሉት ዝቅተኛ ዋጋ በአጠቃላይ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ዕድሜው የሚታየውም ትኬቱ በተቆረጠበት ሳይሆን በሚበርበት ቀን ነው። ስለዚህ ለመልሱ የራሱ መቀመጫ ይያዝለት።

ባለቤትዎ ከእናንተ ቀድመው የሚመለሱ ከሆነም ደብዳቤው የመልስ ጉዞውን በግልጽ ይጥቀስ፤ ያኔም ልጁን ይዘው ድንበር የሚሻገሩት ብቻዎን ነው።