ፓራሹት መዝለል ለጀመራችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ኮርስ ላይ ያሉ፣ ፈቃድ ገና ያወጡ፣ እንዲሁም አንዴ ከአስተማሪ ጋር ታስረው ዘልለው ልባቸው እዚያው ላይ የቀረ ሰዎች ጥያቄ ልከዋል። በተራ በተራ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ከፍታዎችና የዝላይ ብዛቶች በአብዛኛው ከአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ደንብ የተወሰዱ ናቸው። በሌላ ማኅበር ሥር የምትዘሉ ቁጥሩን ከራሳችሁ ደንብ ጋር አመሳክሩ፤ ምክንያቱ ግን የትም አይለወጥም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሳታሳምር ንገረን። ይሄ ነገር ይገድላል?

ይገድላል። የሚገድልበት መንገድ ግን ብዙ ሰው የሚፈራው አይደለም። ጀማሪ እንቅልፍ የሚያጣው «ባይከፈትስ?» እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዓመት በአማካይ ከ40 በላይ ዘላዮች ይሞቱ ነበር። በ2023 እዚያው አገር 3.65 ሚሊዮን ገደማ ዝላይ ተደርጎ የሞቱት 10 ናቸው። በመሃል የተለወጠው በዋናነት ዕቃው ነው። ቢል ቡዝ የፈጠረው ባለ ሦስት ቀለበት መልቀቂያ የተበላሸን ዋና ፓራሹት በአንድ ስበት ለመጣል አስቻለ። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ሳይፕረስ የሚባለው አውቶማቲክ መክፈቻ ገበያ ላይ ዋለ። ሥልጠናውም አብሮ ጠበቀ።

ዕቃው ሲሻሻል የቀረው አደጋ ወደ ሰውየው ዞረ። በየዓመቱ ከሚሞቱት ጉልህ ክፍል፣ ከሚሰበሩት ደግሞ አብዛኛዎቹ፣ ምንም ያልጎደለው ፓራሹት ከራሳቸው በላይ በደንብ ተከፍቶ እያለ ነው የሚጎዱት። ስለዚህ ስለ ማረፍ ብዙ፣ ስለ ነፃ ውድቀት ጥቂት ብናገር አትገረሙ።

ጥያቄ፦ በየትኛው መንገድ ልጀምር? አንዱ ታንደም፣ ሌላው ገመድ፣ ሦስተኛው ኤኤፍኤፍ ይለኛል።

ታንደም፣ ማለትም ከአስተማሪ ጋር ታስሮ መዝለል፣ ማየት ለሚፈልግ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አስተማሪው ነው። በገመዱ ዘዴ ከአውሮፕላኑ ጋር የተያያዘው ገመድ ፓራሹትህን ስትወጣ ይከፍትልሃል፤ ብቻህን ከማረፍ ትጀምርና ነፃ ውድቀቱ ቀስ በቀስ ይጨመርልሃል። በኤኤፍኤፍ ከመጀመሪያው ቀን ከከፍታ ትወጣለህ፣ ሁለት አስተማሪዎች ግራና ቀኝ ይዘውህ ይወድቃሉ፣ ጊዜው ሲደርስ የምትከፍተው አንተው ነህ። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ፈቃድ ላይ ነው። አቅራቢያህ ያለው ትምህርት ቤት የትኛውን ለረጅም ጊዜ ሲያስተምር እንደቆየ ጠይቀህ በዚያ ግባ።

ጥያቄ፦ ከ25 ዝላይ በኋላ ጨርሻለሁ ማለት ነው?

ኤ ፈቃድ ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ ቢ 50፣ ሲ 200፣ ዲ 500። ኤ የያዘ ሰው ያለ አስተማሪ መዝለል፣ ዋናውን ፓራሹት ራሱ ማጠፍና ከሌሎች ጋር ቀላል የቡድን ዝላይ መሞከር ይችላል። ፈቃዱ የሚናገረው ራስህን ለማዳን የሚበቃ እውቀት እንዳለህ ነው፤ ከዚያ በላይ አይልም። 25ቱም ዝላይ በአንድ ሜዳ፣ በለስላሳ ንፋስና በትልቅ የተማሪ ፓራሹት የተዘለሉ ከሆነ፣ 26ኛው ላይ ነፋሱ ሲዞርና ሜዳው ሲቀየር እንደ አዲስ ነህ። ዝላይ ከመቁጠር ይልቅ በእያንዳንዱ የት ለማረፍ አስበህ የት እንዳረፍክ ብትጽፍ ይሻልሃል። ይህን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚጽፈውን ግን ከሩቅ ትለየዋለህ።

ጥያቄ፦ ዕቃ መግዛት አማረኝ። ምን ልግዛ?

መጀመሪያ የእጅ አልቲሜትር (ከፍታ መለኪያ)፣ ጠንካራ የራስ ቁርና መነጽር። ጆሮህ ላይ የሚጮኸው አልቲሜትር ቆይቶ ይምጣ፤ አሁን ከገዛኸው ዓይንህ ማየቱን ትቶ ጩኸት መጠበቅ ይለምዳል። ሙሉውን ፓራሹት ኮርስ ሳትጨርስ አትግዛ፤ በምትማርበት ጊዜ የምትበርበት መጠን ይቀንሳልና ቶሎ ይሰፋብሃል።

ስትገዛ ያገለገለ ይበቃሃል። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ፈቃድ ያለው፣ ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው ሪገር (ፓራሹት የሚመረምርና የሚያጥፍ ባለሙያ) ፈትቶ ይመርምረው፦ የጨርቁን ሁኔታ፣ የገመዶቹን ርዝመት፣ ማሰሪያው በልክህ መሆኑን፣ አውቶማቲክ መክፈቻው ስንት ዓመት ዕድሜ እንደቀረው። መጠባበቂያውን ፓራሹት በተመለከተ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ዋናው 190 ስኩዌር ጫማ ሆኖ መጠባበቂያው 126 የሆነ ዕቃ በርካሽ ይገኛል። መጠባበቂያውን የምትከፍተው በጣም በደነገጥክበት ቀን፣ ምናልባትም ከሜዳ ውጭ ልታርፍ ስትል ነው። ያን ቀን በሕይወትህ በርረኸው የማታውቀውን ትንሽ ፓራሹት ልታሳርፍ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ 75 ኪሎ ነኝ። ጓደኞቼ 150 ይበቃሃል ይሉኛል፣ አስተማሪዬ 190 ካልሆነ ይላል። ማንን ልስማ?

አስተማሪህን። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የሚቆጠረው የሰውነትህ ክብደት ብቻ ሳይሆን ከአውሮፕላን ስትወጣ የተሸከምከው ሁሉ ነው። 75 ላይ ወደ 12 ኪሎ ልብስና ዕቃ ጨምር፤ 87 ኪሎ ወይም 192 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ይህን ለፓራሹቱ ስፋት በስኩዌር ጫማ አካፍል። በ190 ሲካፈል 1.0 ነው፤ ጀማሪ ከዚህ ባይዘል ይመከራል። በ150 ሲካፈል 1.28 ይመጣል። በ1.28 የሚበር ፓራሹት ወደ ፊትም ወደ ታችም ይፈጥናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሲዞር የሚያጣው ከፍታ ይበዛል። በ190 ላይ የሠራኸው ስህተት ጉልበትህን ጭቃ ቢያስነካው፣ በ150 ላይ ያው ስህተት ጭንህን ይሰብራል።

ደግሞ ክፍልፋዩ ብቻውን አይበቃም። ቀላል ሰው በትንሽ ፓራሹት 1.0 ላይ ቢሆንም ገመዶቹ አጫጭር ስለሆኑ ፓራሹቱ ለእጁ ቶሎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀጭን የሆናችሁ እህቶች «ክፍልፋዬ ዝቅተኛ ነው» ብላችሁ ወደ 120 አትሩጡ።

መጠን መቀነስ ያለብህ አሁን ባለህ ፓራሹት የሚከተሉትን ያለ ጭንቀት ስትሠራ ነው፦ በግማሽ ፍሬን (ሁለቱንም መሪ እጀታ ግማሽ ድረስ ስቦ) መዞር፣ በነፋስ ጎን ማረፍ፣ ንፋስ በሌለበት ቀን ቆሞ ማረፍ፣ ደጋግሞ ካሰብከው ቦታ አጠገብ መውረድ። ስትቀንስም አንድ እርከን ብቻ። ሜዳ ላይ «ሰለቸኝ፣ ይሄ ፓራሹት ዘገየብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ፓራሹቱ የሚችለውን ሩቡን እንኳ አላየውም።

ጥያቄ፦ ማረፍ ላይ ሁልጊዜ እደናገጣለሁ። መጨረሻ ላይ ወዴት እንደምዞር አላውቅም።

መጨረሻ ላይ መወሰን ካስፈለገሽ ውሳኔው ዘግይቷል። አውሮፕላን ሳትሳፈሪ ሜዳውን ቆመሽ እይው፤ ነፋሱ ከየት ነው፣ ዛፉና ሽቦው የት ነው፣ ባልደርስ አማራጭ ቦታዬ የትኛው ነው። በ1,000 ጫማ ነፋሱን ከኋላ አድርገሽ ከማረፊያሽ ጎን ሁኚ፣ በ600 ጎን ለጎን ታጠፊ፣ በ300 ፊትሽን ወደ ነፋሱ አዙሪና ከዚያ በኋላ ትልቅ መታጠፍ የለም። ነፋሱ ሲበረታ ቁጥሮቹ ሳይሆኑ ርቀቶቹ ያጥራሉ፣ ምክንያቱም ወደ ነፋሱ ስትዞሪ ወደ ፊት ብዙ አትሄጂም።

አሁን ዋናውን ልበል። ሰው የሚሞተው 200 ጫማ ላይ ሆኖ «ነፋሱ ከኋላዬ ነው!» ብሎ አንዱን መሪ፣ ማለትም ፓራሹቱን የሚያዞረውን እጀታ፣ ወደ ታች ሲጎትት ነው። ፓራሹቱ ሲዞር ያዘነብላል፣ ሲያዘነብል ይጠልቃል፤ ለመስተካከል ጊዜ ሳያገኝ መሬት ይመጣል። ነፋስ ከኋላ ሆኖ ማረፍ ያንከባልልሻል፣ ያቆሽሽሻል፣ አንዳንዴም ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ቅደም ተከተሉን በዚህ ያዢው፦ ክንፉ ደልዳላ ይሁን፣ ከፊትሽ ባዶ ቦታ ይኑር፣ ቢያንስ እስከ ግማሽ ፍሌር አድርጊ (መሬት ስትደርሺ ለመዝገም ሁለቱንም መሪ አብረሽ ወደ ታች ሳቢ)፣ እግርሽን ገጥመሽ ተንከባለይ። የነፋስ አቅጣጫ ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። የግድ አንድ ነገር መሸሽ ካለብሽ ሁለቱንም መሪ ግማሽ ድረስ ስበሽ አንዱን ጥቂት በመልቀቅ ዙሪ፤ እንዲህ ሲዞር ብዙም አይጠልቅም። ይህን መዞር ከ3,000 ጫማ በላይ ብዙ ጊዜ ተለማመጂው፣ እጅሽ ሳታስቢ እስኪሠራው ድረስ።

ፍሌሩንም ዓይንሽ ነው የሚያበላሸው። ቀጥታ ወደ እግርሽ ሥር ስታዪ መሬቱ የሚሮጥ ይመስልሽና ከፍ ብለሽ ትስቢያለሽ። ራቅ አድርገሽ እይ። ከፍ ብለሽ ከሳብሽ ደግሞ መሪዎቹን ወደ ላይ መልሰሽ አትልቀቂ፤ ባሉበት ያዢና ለመንከባለል ተዘጋጂ። እጅ ዘርግቶ መሬት ለመያዝ መሞከር የክንድ ስብራት ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ቢበላሽ እንደተበላሸ በምን አውቃለሁ? ብደነዝዝስ?

ሦስት ነገር ታያለህ፦ ቅርጹ ሙሉ ነው? ስላይደሩ (ገመዶቹ ላይ ተንሸራትቶ የሚወርደው ጨርቅ) ወርዷል? መሪዎቹን ፈትተህ ስትዞርና ፍሌር ስትሞክር ይታዘዛል? ጥቂት የገመድ መጠማዘዝ ረግጠህ የምትፈታው ነው። ጨርቁ ላይ የተጋደመ ገመድ፣ ቋጠሮ ወይም ከቦርሳው ያልወጣ ፓራሹት ግን ለድርድር የሚቀመጥ አይደለም። ተማሪና ኤ ፈቃድ የያዘ ሰው በ2,500 ጫማ ውሳኔው ያለቀ መሆን አለበት። ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከሆንክ 1,000 ጫማ በ5 ወይም በ6 ሴኮንድ ያልፋል፤ ስለዚህ ማሰብ የሚቻለው መሬት ላይ ሳለህ ብቻ ነው።

ለመደንዘዝ መድኃኒቱ መደጋገም ነው። በየዝላዩ ቀን ጠዋት ማሰሪያውን ለብሰህ ቀዩን የመልቀቂያ እጀታ እያየህ ያዝ፣ እስከ መጨረሻው ሳብ፣ ከዚያ የመጠባበቂያውን። በአንድ እጅ ነው በሁለት የሚለውን እንደ ትምህርት ቤትህ አድርግ፤ ሁለቱን ዘዴ አትቀላቅል። ከተወሰነ ከፍታ በታች፣ ማለትም 1,000 ጫማ አካባቢ ከደረስክ፣ ዋናውን ለመጣል ጊዜው አልፏልና መጠባበቂያውን ብቻ ክፈት።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ መክፈቻ ካለኝ ያን ያህል መጨነቅ አለብኝ?

አለብህ። የፈቃድ ባለቤቶች የሚጠቀሙበት ሳይፕረስ የሚሠራው በሴኮንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወደቅክ 225 ሜትር አካባቢ ከደረስክ ነው። የሚያደርገውም የመጠባበቂያውን መዝጊያ ገመድ መቁረጥ ብቻ ነው። የተበላሸ ዋና ፓራሹት ይዞህ በዝግታ እየተሽከረከርክ ብትወርድ ፍጥነቱ ስለማይሞላ ዝም ሊል ይችላል፤ ቢሠራም ዋናውን አይጥልልህም። ዋናውን ስትለቅ መጠባበቂያውን የሚስበው ሌላ ነገር ነው፤ አርኤስኤል የሚባለው አጭር ገመድ። ጀማሪ ሁለቱም ይኑሩት፣ ሁለቱም እንደሌሉ አድርጎ ይሥራ።

ጥያቄ፦ መጠባበቂያውን ራሴ ባጥፈውስ?

አይሆንም። የሪገር ሥራ ነው። በአሜሪካ ደንብ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ፣ ተመርምሮ እንደገና ይታጠፋል። ዋናውን ግን ተማር፤ የራሱን ፓራሹት የሚያጥፍ ሰው ዕቃው ላይ የበሰበሰውን ነገር ቀድሞ ያያል።

ጥያቄ፦ በንፋስ ዋሻ (ከታች የሚነፋ አየር ሰውን በሚያንሳፍፍበት ቤት) ውስጥ ብዙ ሰዓት ብሠራ ዝላዩ አይቀልልኝም?

ሰውነትህን በአየር ላይ ለማዘዝ ከዋሻው የተሻለ ትምህርት የለም። ዋሻው የማያስተምረው ከፍታን መከታተል፣ መክፈትና ማረፍን ነው። በጣም አሳምረው የሚበሩ የዋሻ ልጆች ከፍታ ረስተው አስተማሪ የከፈተላቸው አሉ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ካሜራ ራስ ቁሬ ላይ ብሰካ ማንን ይጎዳል?

አንተን። 200 ዝላይ እስክትሞላ ጠብቅ የሚባለው ካሜራው ገመድ ሊይዝ ስለሚችል ብቻ አይደለም፤ አሳብህ ሲከፈል ከፍታ ይረሳል፣ ሰው ለመቅረጽ ብለህ ከሌሎቹ የምትለያይበትን ከፍታ ታሳልፋለህ። ለዊንግሱትም (ክንፍ ላለው የዝላይ ልብስ) 200 ነው፤ እሱ ግን ምክር ሳይሆን ደንብ ነው።

ጥያቄ፦ በሩ ሲከፈት እግሬ ይንቀጠቀጣል። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጪ። የሁሉም ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ይደብቃል። በመውጣት ላይ ሳለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዝላዩን ከበሩ እስከ ማረፊያው በሐሳብ አንዴ ዝለይው፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አውጪ። ሆድሽ «ዛሬ አይሆንም» ካለሽ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ጋር ተመለሺ። ማንም አይስቅብሽም፤ የሚስቅ ካለ ከእሱ ጋር አትዝለይ።

ጥያቄ፦ ነፋስ ስንት ሲሆን ነው መቅረት ያለብኝ? ሁለት ወር ሳልዘል ብቆይስ?

ለተማሪ ጣሪያው በሰዓት 14 ማይል፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈቃድ ካወጣህ በኋላ የሚከለክልህ ቁጥር የለም፤ የራስህን ቁጥር በመጽሐፍህ ላይ ጻፍና ጓደኛ ሲጎተጉትህ እንዳትሰርዘው። ከአማካዩ ይልቅ ልዩነቱን ተመልከት፤ በ8ና በ20 መካከል የሚዋዥቅ ነፋስ ጸንቶ በ15 ከሚነፍሰው የከፋ ነው። ከሕንፃና ከዛፍ ረድፍ ጀርባ አትረፍ፣ የአቧራ ሽክርክሪት ካየህ መሬት ቆይ። ኤ ፈቃድ ይዘህ 60 ቀን ካለፈህ ከአስተማሪ ጋር ከልሰህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ትናንት አገኘሁ! ጓደኞቼ ስምንት ሆነን እንውጣ ይላሉ።

እንኳን ደስ አለህ! ስምንት ግን ብዙ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ልምድ ካላቸው ጋር ጀምር። የምትለያዩበትን ከፍታ መሬት ላይ ተስማሙ፣ ከመክፈቻው ቢያንስ 1,500 ጫማ ከፍ ያለ ይሁን። ያ ከፍታ ሲደርስ ቅርጹ አማረም አላማረም ጀርባ ሰጥተህ ሽሽ፣ ቀጥ ብለህ ራቅ፣ ከመክፈትህ በፊት እጅህን አወናጭፍ። ኤ ፈቃድ ያለው ሰው ከ3,000 ጫማ በታች አይከፍትም፤ አንተ ለጊዜው በ4,000 ክፈት፣ ለማሰቢያ የሚሆን አየር ይኑርህ።