የመዳብ ዎርት ማቀዝቀዣ በእጅ ስለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ቢራ በቤታችሁ የምትጠምቁ ስለ መዳብ ማቀዝቀዣ ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል። ዛሬ መድረኩ ክፍት ነው፤ የመጣውን ሁሉ በተራ እመልሳለሁ። የምናወራው ስለ ቀላሉ ዓይነት ነው፦ ተጠምዝዞ ድስቱ ውስጥ የሚነከር፣ በሆዱ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ቱቦ። ዎርት የምለው ደግሞ ከብቅሉ ወጥቶ ከሆፕ (ቢራን መራራ ከሚያደርገው አበባ) ጋር የተቀቀለውን፣ እርሾ ገና ያልገባበትን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ድስቱን ከድኜ አሳድረውና ጠዋት እርሾ እጨምራለሁ። እስካሁን አልተበላሸብኝም። ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሳይበላሽ ሊወጣ ይችላል፤ ዕድሉን ግን ባትሞክረው እመርጣለሁ። ዎርቱ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ባክቴሪያን የሚገድለው ሙቀት አበቃ ማለት ነው፤ ስኳርና ፕሮቲን የሞላበት ለብ ያለ ፈሳሽ ደግሞ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ድስት በራሱ ጊዜ ሲበርድ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ክዳን ያንን አያግድም። ትኩሱን ዎርት ሙቀት በሚችል ጀሪካን እስከ አፉ ሞልተው፣ አየሩን አስወጥተው፣ አሽገው የሚያሳድሩ አሉ፤ የእነሱ የታሸገ ስለሆነ ካንተ ጋር አይነጻጸርም።

ሌላም ነገር አለ። በተለይ ፈዛዛ ብቅል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ዎርቱ ትኩስ እስከሆነ ድረስ ወደ ዳይሜቲል ሰልፋይድ እየተለወጠ ይቀጥላል፤ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስለው ሽታ የእሱ ነው። ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ከድነህ ስታሳድረው ግን እዚያው ይቀራል። ቶሎ ማቀዝቀዝ ይህን ያሳጥራል፣ ፕሮቲኑንም አርግቶ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ቢራው ጠርቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለ20 ሊትር ስንት ሜትር ቱቦ ይበቃኛል? አንዳንዱ 15 ሜትር ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ የውጭ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ 8 ሜትር ግዛ፣ ይበቃሃል። ስሌቱን ላሳይህ። ለመግቢያና ለመውጫ ከድስቱ በላይ የሚወጡት ሁለት እግሮች 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይወስዳሉ። ቀሪውን 25 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ነገር ላይ ብትጠመጥመው ከስምንት ዙር ትንሽ በላይ ይወጣዋል። በዙርና በዙር መካከል ትንሽ ክፍተት ትተህ ስትዘረጋው ቁመቱ 17 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። 36 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ድስት 20 ሊትር ዎርት ደግሞ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቱቦው በሙሉ ሰጥሞ ይቆያል። አሥራ አምስት ሜትሩ ለ40 ሊትር፣ ያውም በ12 ሚሊሜትር ቱቦ ነው የሚያዋጣው፤ ቀጭን ቱቦ ሲረዝም ውሃው እየታነቀ ያልፋል።

ሁላችሁም ርዝመት ስለምትጠይቁ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ዎርቱ ካልተንቀሳቀሰ የፈለገውን ያህል ቱቦ ብትነክሩ ትርፉ ትንሽ ነው። ቱቦውን የነካው ዎርት በርዶ እንደ ሽፋን ከብቦት ይቀመጣል፤ ከኋላው ያለው ትኩስ ዎርት ቱቦውን አያገኘውም። በንጹሕ ማማሰያ ቀስ እያላችሁ አማስሉ፣ ወይም ማቀዝቀዣውን ራሱን ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። የሚወጣውን ውሃ በእጃችሁ ሳትነኩ በቴርሞሜትር ለኩት፦ ማማሰል ስታቆሙ የሚወጣው ውሃ ይበርዳል፤ ስትጀምሩ ወዲያው ይሞቃል። ያ ልዩነት ከዎርቱ ያወጣችሁት ሙቀት ነው። ከ8 ሜትር በላይ ለሚጨመር መዳብ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ከማይዝግ ብረት ብሠራው አይሻልም? ለማጽዳትም ይቀላል።

መልስ፦ መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ የማይዝገውን ብረት ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ የመዳብ ወደ 400 ሲሆን የማይዝገው 15 አካባቢ ነው፣ በዋት በሜትር በኬልቪን። ይህ ማለት ግን 20 እጥፍ ቶሎ ያቀዘቅዛል ማለት አይደለም። የቱቦው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ ይበልጥ የሚዘገየው አሁን ባልኩት የቆመ ዎርት ሽፋን ላይ ነው። መዳብን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት በእጅ መታጠፉ ነው። የማይዝገውን ያለ መሣሪያ ጠምዝዞ ሳያጣምሙ መጨረስ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጥ ያለ የውሃ መስመር መዳብ አለኝ። ይጠመዘዛል?

መልስ፦ እንዳለ አይጠመዘዝም፣ ይሰበራል ወይም ይጨፈለቃል። መዳብ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ቢሞቅ ይለሰልሳል፤ ትኩሱን በውሃ ቢነከርም እንደ ብረት አይጠነክርም። ግን 8 ሜትር ሙሉ እኩል ማሞቅ ለቤት አይሆንም፤ ቁርጥራጮችን መቀጣጠልም መገጣጠሚያ ዎርት ውስጥ መክተት ነው። ተጠቅልሎ የሚሸጠውን፣ የፍሪጅ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ለስላሳ ቱቦ ፈልግ። ጫፎቹ ተደፍነው ስለሚመጡ ውስጡም ንጹሕ ነው።

ጥያቄ፦ ስጠመዝዝ አንድ ቦታ ታጥፎ ጠበበብኝ። እንዴት ነው ሳይታጠፍ የሚጠመዘዘው?

መልስ፦ የታጠፈውን ለማቃናት ደጋግመሽ አትሞክሪ፤ መዳብ በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል። ጥበቱ ከቱቦው ስፋት ግማሽ ካላለፈ ተይው፣ ውሃው ያልፋል። ለሚቀጥለው ግን እንዲህ አድርጊ። ጫፉን በቴፕ ደፍነሽ ቱቦውን በደረቅ ደቃቅ ጨው ሙዪው፤ እየሞላሽ ግድግዳውን በእንጨት ኳ ኳ አድርጊው፣ ጨው እንዲጠቀጠቅ። ሌላኛውንም ጫፍ ድፈኚ። አሸዋም ይሠራል፣ ጨው ግን በኋላ በውሃ ሟሙቶ ይወጣል። ከዚያ ከድስትሽ በ10 ሳንቲሜትር ያህል የሚጠብ ጠንካራ ክብ ነገር ላይ ጠምጥሚ፤ ሌላ ድስትም ባልዲም ይሆናል። ቱቦውን አትጎትቺ። አውራ ጣትሽን አጠገቡ አስደግፈሽ፣ በየጥቂት ሳንቲሜትሩ ወደ ክቡ እየተጫንሽ ተከተዪው። ሁለቱ እግሮች ወደ ላይ የሚታጠፉበት ቦታ ነው ብዙ ጊዜ የሚጠበው፤ እዚያ ላይ የቱቦ ማጠፊያ ስፕሪንግ አልብሺው።

ዙሮቹ እንዳይነካኩ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩን ገፈሽ መዳቡን አውጪና በሦስት ቦታ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በየዙሩ መካከል እያሻገርሽ እሰሪው። ዎርቱ በዙሮቹ መካከል ማለፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ውሃ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ጎማ ከመዳቡ ጋር በስታኞ ልበይደው?

መልስ፦ አያስፈልግም። ጎማውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ አለስልሰው፣ ቱቦው ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል አስገባውና በፋሼታ እሰረው። ስታኞ የግድ ካስፈለገህ እርሳስ የሌለበትን ተጠቀም። የምለምንህ አንድ ነገር አለ፦ ሁለቱን እግሮች ከድስቱ ከንፈር በላይ አውጥተህ ወደ ውጭና ወደ ታች እጠፋቸው፤ ጎማው የሚገናኘው ከድስቱ ውጭ ይሁን። ፋሼታ አንድ ቀን መላላቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ያልተጣራ የቧንቧ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ እንጂ ዎርቱ ውስጥ አይግባ። ውሃውን የምታበዛውና የምትቀንሰው ደግሞ ሁልጊዜ በመግቢያው ነው። መውጫውን ከዘጋህ ግፊቱ በጎማው ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አዲሱን ቱቦ በምን ልጠበው? አረንጓዴ ነገር ቢያወጣስ?

መልስ፦ አዲስ ቱቦ ላይ የፋብሪካ ዘይት አለ። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ከዚያ በአቼቶ አብሺው፣ አለቅልቂው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዎርት ሳይሆን በተራ የፈላ ውሃ ሞክሪው፤ የሚያፈስ ካለ ያኔ ይታያል።

ቡናማ ሆኖ መጥቆሩ አያስጨንቅም። ዎርት በትንሹ አሲዳማ ስለሆነ ከድስቱ ስታወጪው እንደ አዲስ ያበራል። አረንጓዴው ወይም ሰማያዊ የሚመስለው ዝገት ግን መርዛማ ነው፤ በአቼቶ ወይም በሲትሪክ አሲድ ሙልጭ ሳይል ዎርት ውስጥ አይገባም። በረኪና መዳብን ይበላል፣ አታስነኪው።

ጥያቄ፦ እባክዎ፣ በጠመቃው ቀን ቅደም ተከተሉን ቢነግሩን?

መልስ፦ በደስታ፣ እመቤቴ። ፍሉ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ማቀዝቀዣውን ባዶውን ይንከሩት፤ እዚያው ሲፈላ ከጀርም ይጸዳል። ቱቦው ከግማሽ ሊትር በላይ ቦታ ስለሚይዝ ድስቱ እስከ አፉ ከሞላ ይፈሳል፤ ቀስ ብለው ያስገቡት። ፍሉም ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል፣ ተመልሶ እስኪፈላ ይጠብቁ። እሳቱን ካጠፉ በኋላ ውሃውን ይክፈቱ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቆዳ ያቃጥላል፤ የመውጫው ጎማ ጫፍ ታስሮ ይቀመጥ፣ ልጆችም ይራቁ። ክዳኑን አይግጠሙ፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ከ60 ዲግሪ ሲወርድ ግን በንጹሕ ነገር ሸፈን ያድርጉትና በጎን በኩል ያማስሉ። ለኤል ቢራ (በክፍል ሙቀት አካባቢ ለሚብላላው ዓይነት) 18 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ እርሾውን መጨመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ የእኛ ቧንቧ ውሃ 26 ዲግሪ ነው። 20 እንዴት ልድረስ?

መልስ፦ በቧንቧው ብቻ አትደርስም። ቅዝቃዜው የሚፈጥነው በዎርቱና በውሃው መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው፤ 30 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በረዶውን ግን ከመጀመሪያው አታባክነው። እስከ 40 ዲግሪ በቧንቧ ውሃ አውርደው፤ ከዚያ ትንሽ የውሃ ፓምፕ በረዶና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስገብተህ ያንኑ ውሃ አዙረው። ሃያ ሊትር ከ40 ወደ 20 ለማውረድ የሚሟሟው በረዶ በስሌት 5 ኪሎ ነው፤ ስለሚባክነው 7 ወይም 8 ኪሎ አዘጋጅ። ከ100 ዲግሪ ብትጀምር 20 ኪሎ ይፈጅብህ ነበር።

ጥያቄ፦ ስንት ውሃ ይባክናል?

መልስ፦ በ15 ዲግሪ ገብቶ በአማካይ በ40 የሚወጣ ከሆነ፣ 20 ሊትር ዎርት ከ100 ወደ 20 ለማውረድ ወደ 64 ሊትር ውሃ ይሄዳል። መባከን የለበትም። የመጀመሪያውን ትኩስ ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለብ ያለውን ለልብስ አጠራቅሙት። ማማሰል ውሃም ይቆጥባል፤ እያንዳንዱ ሊትር ይዞ የሚወጣው ሙቀት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ተብላልቶ ያለቀውን ቢራ በዚሁ ላቀዝቅዘው?

መልስ፦ በፍጹም። ዎርት ውስጥ የሚሟሟውን ጥቂት መዳብ እርሾው ይጠቀምበታል፣ የቀረውንም ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ያለቀ ቢራ ውስጥ ግን መዳብ ኦክሳይድ መሆንን ያፋጥናል፤ ቢራው ቶሎ ያረጃል፣ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ጥያቄ፦ ዎርቱ ራሱ በመዳቡ ውስጥ የሚያልፍበት፣ ውሃው በውጭ የሚሄድበትን ልሥራ ወይስ ይህንን?

መልስ፦ ያኛው ፈጣን ነው፣ ውሃም ይቆጥባል። ነገር ግን ዎርት የሚነካው የቱቦው ውስጥ ነው፣ ውስጡን ደግሞ በዓይንህ አታየውም። የሆፕ ቅሪት ተጣብቆ ቢቀር የምታውቀው ቢራው ሲኮመጥጥ ነው። እስከ 20 ሊትር ለሚጠምቅ የሚነከረውን እመክራለሁ፦ አውጥተህ ታየዋለህ፣ ወዲያው በውሃ ታጥበዋለህ። ከማስቀመጥህ በፊት በአንዱ ጫፍ በአፍህ ንፋና የቀረውን ውሃ አስወጣ፤ ብርድ በሚበረታበት ቦታ ከተቀመጠ ውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይተረትረዋል።